ኮሮላ 4ኢ ሞተር፦ ሦስት ሴንሰር ቀየርኩ፣ ቼክ ኢንጂን አልጠፋም (2.8 ቮልት!)

የአባቴ_ኮሮላ | ሐምሌ 8፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፤ ትዕግሥት ያላችሁ አንብቡልኝ።

መኪናዬ ኮሮላ ናት፣ በፈረንጅ የ1999 ስሪት፣ 1.3፣ 4ኢ ሞተር። ያለሁት አዲስ አበባ። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ጠዋት በደህና ትነሳና ትንሽ እንደሄድኩ ቼክ ኢንጂን ይበራል። ከዚያ ነዳጅ ስሰጣት ትታነቃለች፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ትንቀጠቀጣለች፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ፀሐይ በደንብ ሲወጣ አንዳንዴ መብራቱ ራሱ ይጠፋል። ላቫጆ ካስገባኋት ግን የዚያን ቀን ነገር አከተመ።

ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላ ተቀየረ፣ የአየር ማጣሪያ ተቀየረ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ አንዱ ልጅ የብልሽት ኮድ አወጣና «31 ነው፣ የቫኪዩም ሴንሰር» አለኝ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ገዛሁ፤ ያው። ሌላ ያገለገለ ገዛሁ፤ ያው። በመጨረሻ በዘመድ አዲስ ከዱባይ አስመጣሁ፤ ያው! አሁን ጋራዡ «እንግዲህ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው» ብሎኛል። የጠራልኝን ዋጋ እዚህ ብጽፈው አብራችሁኝ ታለቅሳላችሁ።

በንዴት ቴስተር ገዝቼ ራሴ መለካት ጀመርኩ። የጥገና መጽሐፏን ስልኬ ላይ አገኘሁት። ኳድሮ (ቁልፉ) ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ ከሴንሰሩ የሚወጣው ከ3.3 እስከ 3.9 ቮልት መሆን አለበት ይላል። የኔ 2.8 ነው። ሁለቱ ከሶማሌ ተራ የመጡትም 2.8። የዱባዩ አዲሱ 2.85። ሁሉም ከልኩ በታች ናቸው። እሺ ብዬ ለኮምፒውተሩ ልክፈል?

ቡልቡላ_ጀት | ከምሽቱ 3:05

ወንድሜ አትጨናነቅ፣ የቼክ ኢንጂኗን አምፖል አስነቅላት። እኔ ካስነቀልኩ 4 ዓመቴ፣ ሰላሜን አግኝቻለሁ 😂

የአባቴ_ኮሮላ | ከምሽቱ 3:11

እህትህ ነኝ። አምፖሉስ ይነቀል፤ ጥቁር ጭሱን ማን ይነቅልልኛል?

ቡልቡላ_ጀት | ከምሽቱ 3:14

ይቅርታ እህቴ። ሽጫትና ኤሌክትሪክ ግዢ በቃ።

ድሬ_ሾፌር | ከምሽቱ 3:30

አትስሚው። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደህና ኮሮላ የሚሸጥ ሰው ምን ነክቶት ነው?

ወደ ቁም ነገሩ፦ ከሞተሩ ወደ ሴንሰሩ የምትሄደውን ቀጭን የጎማ ቱቦ አይተሻታል? የኔም 4ኢ ነበረች። ቱቦዋ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃ ሴንሰሩ የሚያየው የውጭውን አየር ሆነ። ኮምፒውተሩ ደግሞ «ሰውየው ነዳጅ እስከ መጨረሻው ረግጧል» ብሎ ያርከፈክፋል። ጥቁር ጭስ እንደ ባቡር! ሁለት ጣት የምታህል ቆርጬ ጥዬ መልሼ ሰካኋት፣ አለቀ።

የአባቴ_ኮሮላ | ከምሽቱ 3:42

አመሰግናለሁ። ቱቦዋ ከሁለተኛው ሴንሰር ጋር አብራ ተቀይራለች፤ አሁንም አየኋት፣ ደህና ናት።

ጋሽ_መፍቻ | ከምሽቱ 4:20

ልጄ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ለኮምፒውተር አትክፈዪ።

መጀመሪያ ስለ 2.8። ሦስት ሴንሰር፣ አንዱ አዲስ፣ ሁለቱ ከሌላ ሰው መኪና የተነቀሉ፣ እኩል ተበላሽተው እኩል 2.8 ላይ ቆሙ? ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ከነገረሽ ሰዎቹን ትተሽ ጥያቄውን መርምሪ።

ይህ ሴንሰር የሚለካው አየሩ ምን ያህል እንደሚጫን ነው። ኳድሮ ተከፍቶ ሞተር ካልተነሳ የሚያየው የሰፈሩን አየር ነው፣ ሌላ የሚያየው የለውም። መጽሐፉ 3.3 እስከ 3.9 ሲል የባሕር ዳርን አየር ይዞ ነው፤ ባሕር ዳር ያልኩት ጣናን ሳይሆን የእውነቱን ባሕር ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው። ባሕር ላይ አየሩ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲጫን አዲስ አበባ 570 አካባቢ ነው። ወደ 190 ይጎድላል።

አሁን ያንኑ መጽሐፍ አንድ ገጽ ግለጪ። ሴንሰሩን በቫኪዩም ፓምፕ ስትስቢው ስንት ቮልት መውረድ እንዳለበት የሚል ሠንጠረዥ አለ፤ ለ200 ሚሊ ሜትር ከ0.7 እስከ 0.9 ይላል። የኛ ከተማ ፓምፕ ሳይሻት 190 ስባልሻለች። ከ3.6 ላይ 0.75 ቀንሺ፣ 2.85። የዱባዩ አዲሱ ስንት አለሽ?

ስንት ጤነኛ ሴንሰር በዚህች ቁጥር እንደተጣለ ብነግርሽ አታምኚኝም። ወጣት ሆኜ እኔም ጥያለሁ።

የአባቴ_ኮሮላ | ከምሽቱ 4:26

2.85። ጋሼ፣ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ቀበና_ማዶ | ከምሽቱ 4:40

ጋሼ ይቅርታ፣ ላስቸግር። የስልኬ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ አሁን አዲስ አበባን 1019 ሄክቶፓስካል ይላል። 1013 ደግሞ የባሕር ላይ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ታዲያ የት ነው የጎደለው?

አውሮራ_ኮሎራዶ | ሐምሌ 9፣ ከሌሊቱ 9:15

ይህን እኔ ልመልስ፣ እዚህ ገና ቀን ነው። ስልኩ የሚያሳይህ «ከተማዋ ባሕር ጠለል ላይ ብትሆን ኖሮ» ተብሎ ተስተካክሎ የተሰላ ቁጥር ነው። የአየር ሁኔታ ሰዎች የደጋና የቆላ ከተማን በአንድ ካርታ ለማወዳደር ነው እንዲህ የሚያደርጉት። መኪናዋ ግን ይህን ማስተካከያ አታውቅም፣ የምትተነፍሰውን ነው የምታየው።

እኔ ዴንቨር አጠገብ ነው ያለሁት፣ 1,650 ሜትር ገደማ። ስካነር (የመኪናን ኮምፒውተር የሚያነበውን) ሰክቼ የከባቢ አየር ግፊት የሚለውን ሳይ 83 ኪሎፓስካል ነው። ወንድሜ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ የሱ መኪና 101 ይላል። በስልክ ላይ ግን ሁለታችንም 1015፣ 1016 ነን። አዲስ አበባ ያላችሁ ስካነር ያላችሁ ሰዎች 76 አካባቢ ማየት አለባችሁ።

ሱዙኪ_ራይድ | ሐምሌ 9፣ ከጠዋቱ 1:10

አሁን ሥራ ልወጣ ስል ሰክቼ አየሁ። 76። ሥላሴን! እኔ ባለፈው ዓመት «ዝቅተኛ ነው» ተብዬ ሴንሰር ቀይሬአለሁ።

ድሬ_ሾፌር | ከጠዋቱ 1:45

ድሬ ላይ 88 ነው፣ የጎረቤቴን መኪና ሰክቼ። ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ካለ ይንገረን፣ የእናንተ ደግሞ 71 ገደማ ይሆናል።

የአባቴ_ኮሮላ | ከጠዋቱ 2:30

ሴንሰሩ ደህና ከሆነ ግን ኮዱ ለምን ይመጣል? መኪናዋ እኮ በእውነት ትታመማለች።

ጋሽ_መፍቻ | ከቀኑ 6:50

ጥያቄሽ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። 31 ማለት ኮምፒውተሩ «ከቫኪዩም ሴንሰር የሚመጣው ምልክት ጠፍቶብኛል» ማለቱ ነው። ደብዳቤው ያልደረሰው ጸሐፊው ስላልጻፈ ይሁን መንገድ ላይ ጠፍቶ አይነግርሽም። ጋራዡ ጸሐፊውን ሦስት ጊዜ ቀየረልሽ፣ አሁን ተቀባዩን ሊቀይር ነው። መንገዱን ያየ የለም።

ምልክቱ ሲጠፋበት ኮምፒውተሩ ሞተሩን እንዳያጠፋ ብሎ በልቡ የያዘውን ቋሚ መጠን ነዳጅ ይረጫል። ይህ መጠን እኛ ያለንበትን ሳሳ ያለ አየር አያውቅም። ጭስሽ ከዚያ ነው።

ወደ ሴንሰሩ የሚሄዱት ሦስት ሽቦዎች ናቸው። ቪሲ 5 ቮልት ያመጣለታል፣ ኢ2 መሬቱ ነው፣ ፒአይኤም ደግሞ መልሱን ይዞ ይመለሳል። ቪሲን የትሮትሉ ሴንሰርም ይጋራዋል። ኢ2ን የውኃ ሙቀትና የአየር ሙቀት ሴንሰሮችም ይጋሩታል። ስለዚህ ዛሬ የምትሠሪው አንድ ነገር፣ ኮዱን ራስሽ አውጪ። 31 ብቻውን ነው ወይስ 41 (ትሮትል)፣ 22 (ውኃ)፣ 24 (አየር) አብረውት አሉ?

አወጣጡ እንዲህ ነው። ኮፋኖውን ክፈቺ፣ ክዳኗ ላይ «ዳያግኖሲስ» የሚል ጥቁር ሳጥን ታገኛለሽ። ክዳኑ በውስጥ በኩል የቀዳዳዎቹ ስም አለው። የወረቀት ክሊፕ ዘርግተሽ ቲኢ1 እና ኢ1ን አገናኚ። እባክሽ መነጽር ካለሽ አድርጊ፤ እዚያው ሳጥን ውስጥ የባትሪ ፖዘቲቭ አለ፣ እሱን ከኢ1 ካገናኘሽ ክሊፑ ይግላል፣ ፊውዝም ይሄዳል። ከዚያ ኳድሮ ክፈቺ፣ ሞተር አታስነሺ፣ መብራቷን ቁጠሪ። ሦስት ብልጭ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ አንድ ብልጭ፣ ይህ 31 ነው። ያለ ዕረፍት ቶሎ ቶሎ እኩል ከበራች ኮድ የለም ማለት ነው።

ቀበና_ማዶ | ከቀኑ 7:05

20 ብር የማታወጣ ክሊፕ 😄 እኔ ደግሞ ስልክ ላይ የሚሠራውን የብሉቱዝ ስካነር ግዢ ልላት ነበር።

ጋሽ_መፍቻ | ከቀኑ 7:12

ያቺ ስካነር ለዚህ መኪና ቋንቋ አትችልም። እዚህ አገር ያሉት የዚያ ዘመን ኮሮላዎች በአብዛኛው የሚናገሩት በብልጭታ ነው።

የአባቴ_ኮሮላ | ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 1:20

ቆጠርኩ። 31 ብቻ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ታናሽ ወንድሜም ከጎኔ ቆሞ ቆጠረ። 41 የለም፣ ሌላም የለም።

ጋሽ_መፍቻ | ከምሽቱ 1:55

ጎሽ። ተጋሪዎቹ ደህና ከሆኑ 5 ቮልቱም መሬቱም ቢያንስ እስከ መገናኛቸው ድረስ ደህና ናቸው። የቀረሽ ብቻዋን የምትሄደው ፒአይኤም ናት።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ አንቺም ተሳስተሻል፣ አትቀየሚኝ። ስትለኪ የለካሽው ሴንሰሩ ሶኬት ላይ ነው። ሽቦዋ መንገድ ላይ ብትበጠስም ሴንሰሩ ጋ 2.8 ታያለሽ፤ ጸሐፊው እኮ እየጻፈ ነው። መለካት ያለብሽ ኮምፒውተሩ ጋ ነው።

በአንቺ መኪና ኮምፒውተሩ ከተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ ጀርባ ይሆናል፣ ኪሱን አውጪው። ቢጫ ሶኬት ያለው ሽቦ ካየሽ እንዳትነኪ፣ የኤርባግ ነው። ፒአይኤም የትኛዋ እንደሆነች መጽሐፉ ላይ አለ። ቀጭን መርፌ ከሶኬቱ ጀርባ፣ ከሽቦዋ ጎን አስገቢ፤ ሽቦዋን ራሷን እንዳትወጊ። የተወጋ ሽቦ ውኃ ይጠጣና በሁለት ክረምት ተመልሰሽ እዚሁ ትጽፊልናለሽ። ሌላኛውን ጫፍ ኢ2 ላይ። ከዚያ ወንድምሽ ቴስተሩን እያየ አንቺ ከሴንሰሩ ጀምረሽ የሽቦውን ጥቅል በእጅሽ እያወዛወዝሽ ሂጂ። ቀስ ብለሽ፣ ስንዝር በስንዝር።

የአባቴ_ኮሮላ | ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 10:35

ተገኘ!!!

ትናንት ዝናብ ስለነበረ ዛሬ ነው የሠራሁት። ኮምፒውተሩ ጋ መጀመሪያ 2.8 ነበር፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ወንድሜ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቁጥር ይጮህልኛል፣ እኔ ኮፋኖ ስር ተደፍቼ ሽቦ እነካካለሁ። «2.8… 2.8… 2.8…» ልክ እንደ ሎተሪ አዟሪ። ከሴንሰሩ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ፣ ጥቅሉ የሞተሩን ጀርባ ግድግዳ ታክኮ የሚታጠፍባት ቦታ ስደርስ «1.1! ቆይ፣ 0.3! ኧረ ምን ነካሽ?» አለ። ስለቀው 2.8። ስነካው 0.4።

ጥቅሉን የሸፈነውን ጥቁር ፕላስቲክ ገፈፍኩት። ከስሩ ናስትሮ የተጠመጠመባት አንዲት ሽቦ ወጣች፣ ከሌሎቹ ወፍራ፣ እንደ ታመመ ጣት። ናስትሮው ሙጫው ቀልጦ እጅ ላይ ይቀራል። እሱን ስፈታ ከስሩ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ነጭ የቁስል ፕላስተር። የጨርቁ ዓይነት፣ ክሊኒክ ያለው። እርጥብ ነበር፣ በጣቴ ስጫነው ውኃ አወጣ። ከሱ ስር ሁለት የሽቦ ጫፍ እንዲሁ በእጅ ተጠማዞ፣ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ስነካው ከአሥር በላይ ከሆኑት ክሮች የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

አባቴ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ማን እንደሠራው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ቡልቡላ_ጀት | ከቀኑ 10:50

😂😂😂 መኪናዋን አክመዋት ኖሯል! ነፍሳቸውን ይማር ወይስ አሉ?

የአባቴ_ኮሮላ | ከቀኑ 10:58

አለ፣ ዕድሜ ይስጠውና። ደወልኩለት። «2001 ላይ አይጥ በልቷት መንገድ ላይ ቆሜ ነው፤ እስካሁን ይዛለች?» አለኝ። ኮርቶ ነው የሚያወራው።

ጋሽ_መፍቻ | ከቀኑ 11:30

16 ዓመት ያስኬደ ፋሻ ነው፣ አትናቂው። ጉዳቱ ጨርቁ ነው፤ ጨርቅ ውኃ ይስብና ናስትሮው ደግሞ እንዳይወጣ ያፍነዋል። ስለዚህ ነው ላቫጆና ዝናብ የሚያስነሱት፣ ፀሐይ የሚያስተኛው።

አሁን አረንጓዴ የሆነውን ቆርጠሽ ጣይ፣ በሁለቱም በኩል መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪታይሽ ድረስ። አረንጓዴው በፕላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ሊሄድ ስለሚችል አትሳሺ። የጎደለውን በዚያው ውፍረት ባለው ሽቦ ቀጥይ። በካውያና በሊድ በይጂ። በላዩ በሙቀት የሚኮማተረውን ጎማ አልብሺ። ጎማውን ከመበየድሽ በፊት ሽቦዋ ላይ ማጥለቅ እንዳትረሺ። ባትሪውን ነቅለሽ ሥሪ፣ የኮምፒውተር ሽቦ ላይ ነው ካውያ የምታሳርፊው።

የአባቴ_ኮሮላ | ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 8:15

ማጥለቁን ረሳሁ 🙈 አሳምሬ በይጄ ጨረስኩና ጎማዋ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ አየኋት። ፈትቼ እንደገና።

ጋሼ እንዳሉት አረንጓዴው ውስጥ ለውስጥ ሄዷል፤ ስቆርጥ ስቆርጥ ስድስት ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከሰፈራችን የሬዲዮ ሠሪ አንድ ቁራጭ ሽቦ ለመንኩ፣ ካውያውንም አዋሰኝ። ስጨርስ ጥቅሉን ከግድግዳው ትንሽ አርቄ አሰርኩት። ከዚያ ባትሪውን መልሼ፣ ክሊፑን ሰክቼ፣ ኳድሮ ከፈትኩ። መብራቷ ያለ ዕረፍት ቶሎ ቶሎ፣ እኩል። ባትሪው ተነቅሎ ስለነበር ኮዱ አብሮ ጠፍቷል መሰለኝ፣ ልክ ነኝ ጋሼ?

የመጨረሻው ፈተና ላቫጆ ነበር። ልጁን «ሞተሩንም እጠብልኝ» ስለው ገርሞት አየኝ፤ ባለፈው ሞተሯን እንዳትነካ ብዬ ጮኼበት ነበር። ታጥባ ወጣች፣ ወደ ሰሚት ሄጄ ተመለስኩ፣ ጭስም የለ፣ መታነቅም የለ።

ጋሽ_መፍቻ | ከቀኑ 9:00

ልክ ነሽ። ባትሪ ሳትነቅዪ ማጥፋት ስትፈልጊ ደግሞ ኢኤፍአይ የሚለውን ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ከ10 ሰከንድ በላይ አውጥተሽ መልሺ። ሬዲዮሽ የያዘው ጣቢያ አይጠፋብሽም።

ለአባትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

አዳማ_ኮሮላ | ሐምሌ 15፣ ከጠዋቱ 4:20

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። የኔም 4ኢ ናት፣ ሴንሰሯ በእርግጥ ሞቷል፣ እኔ ጋ 5 ቮልት እየገባ ወጪው ዜሮ ነው፤ ሶኬቱ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ። ከሦስቱ አንዱን ትሸጪልኛለሽ?

የአባቴ_ኮሮላ | ከጠዋቱ 4:41

ሁለቱን ያገለገሉትን በገዛሁበት፣ የፈለግከውን ምረጥ። አዳማ ላይ ስትለካው ከ3 ቮልት ብዙም አያልፍልህም፣ የእናንተ ከተማ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። «ተበላሽቷል» ብለህ እንዳትመልስልኝ።